ከአንድ ድስት፣ ለሁለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ ድሬ ገና ቀዝቀዝ ባለችበት ሰሞን ነው። ሌላ እናት የልጇን ሰርግ ስታስታውስ ፈገግ ትላለች፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሰርጉ ከፍቶ አይደለም። የሰርጉን ቦታ ስንመርጥ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ስላልበረደልኝ ነው።

ልጄ ቤዛ ከትንሽነቷ ጀምሮ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ አሮጌ ሆቴል ያምራታል። ያኔ ባቡሩን የሠሩት ፈረንጆች ለራሳቸው መኖሪያ የሠሩት ቤት ነው ይባላል። ቅስት ቅስት ያለ በረንዳ አለው፣ ሰፊ የእንጨት ደረጃ አለው፣ ግቢው ጥላ በጥላ ነው። ተማሪ ሳለች አጥሩ ላይ ተለጥፋ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ ስታይ እያረፈደች ስንቴ አስቆጥታኛለች። እጮኛዋ የአዳማ ልጅ ነው፤ እሱም ፎቶውን አይቶ «ከዚህ ሌላ የት ይገኛል?» አለ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ ለምን ይቅርባት ብዬ ተስማማሁ።

የጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዴ ነፊሳ ምን ትበላለች?

አዴ ነፊሳ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። ቤዛ ስትወለድ ባለቤቴ በከባድ መኪናው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፤ ያረሰችኝ እሷ ናት። እኔ ቤት የእሷ ድስት፣ የእሷ ቢላዋ፣ የእሷ ጭልፋ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጣል። የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ስጠራት ሥጋውን ከራሷ ባለ ሥጋ ቤት ታመጣለች፣ እኔ በዚያ ድስት እሠራላታለሁ፣ እሷም ምንም ሳትጠይቅ ትበላለች።

ድሬ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። የክርስቲያን ሰርግ ሲሆን ለሙስሊሙ በጉ ወይም በሬው ለብቻ ይሰጣል፤ ራሳቸው ያርዳሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። የእነሱ ሰርግ ሲሆን ደግሞ ለእኛ እንዲሁ ይደረጋል። ማንም ደንብ አላወጣልንም፤ ያደግንበት ነው።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ልብሱ የተተኮሰ፣ ከአፉ ማር ጠብ የሚል ሰው ነው። «እኔም የዚሁ የድሬ፣ የደቻቱ ሰፈር ልጅ ነኝ» ብሎ ተቀበለን። በረንዳውን አሳየን፣ ደረጃውን አሳየን፤ ቤዛ በደስታ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። ከዚያ ከውጭ ምግብ ማስገባት እንደማይቻል ነገረን።

«ሙስሊም ጎረቤቶቼስ?» አልኩት።

«እናቴ፣ እሱን ለኛ ተይው። የነሱን ለብቻ ነው የምናዘጋጀው።»

ቤዛ በቃ አለቀ ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። እኔ ግን ስንት ሰርግ ያበሰልኩ ሴት ነኝ፤ ወጥ ቤት ሳላይ አፍ ብቻ አላምንም። «እስቲ ወጥ ቤቱን አሳየኝ» አልኩት። ይሞቃል፣ ልብስሽ ይቆሽሻል እያለ ተንቀረፈፈ። ይቆሽሽ ብዬ ገባሁ።

ወጥ ቤቱ አንድ ነው። መክተፊያው አንድ፣ ማቀዝቀዣው አንድ። ጥግ ላይ ለሰርግ የሚወጡ የሚያብረቀርቁ የምግብ ማሞቂያዎች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ላይ «የክርስቲያን»፣ ግማሾቹ ላይ «የሙስሊም» የሚል ካርድ ቆሟል። የሙስሊሙ የሚበስለው የት እንደሆነ ወጥ ሠሪዋን ጠየቅኳት። መሬት መሬት አየች። ሥጋውን ማን እንደሚያርደው ጠየቅኩ። ዓይኗን ወደ ሥራ አስኪያጁ መለሰች።

ሰውየው ሳቅ አለ። «አቦ እናቴ፣ አታካብጂዋ! ሥጋ ያው ሥጋ ነው። ከአንድ ድስት አውጥተን ለሁለት እንከፍለዋለን። ካርዱን ካዩ ይበቃቸዋል፤ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ደሜ ፈላ። ከሩቅ የመጣ ሰው ቢሆን አገሩን አያውቅም ብዬ ባለፍኩት። የደቻቱ ልጅ! ከሙስሊም ልጆች ጋር አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርር ያደገ፣ በኢድ በየቤታቸው እየዞረ ጣፋጭ የበላ! «እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?» አልኩት።

«ስንት ሰርግ ደግሰናል፣ አንድም ሰው ቅሬታ አላቀረበም» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ስላመኑህ ነዋ!» አልኩት።

ቤዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መጀመሪያ «እማዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» ብላ አበሳጨችኝ። ቀጥላ ግን ወደ ሰውየው ዞራ፣ የሙስሊሞቹን ምግብ አዴ ነፊሳ ቤቷ አብስላ እንድታመጣ እንዲፈቅድ በትሕትና ለመነችው። ደንብ ነው፣ አይሆንም አላት። ካልፈለጉ ሩዝና ሰላጣ ይብሉ አለ። ልጄ ደረጃውን አንዴ ቀና ብላ አየችውና «እማዬ፣ እንሂድ» አለች። ባጃጅ ውስጥ እስከ ሳቢያን አለቀሰች። እኔም ሰርጉን ሰፈራችን ድንኳን ጥለን እንደግሳለን ብዬ ቆረጥኩ።

በማግስቱ ለአዴ ነፊሳ ልነግራት ሄድኩ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«ለምን ተዋችሁት?» አለች። «ጥሩ ሆቴል እኮ ነው። ባለፈው የዚያች የመምህሯ ልጅ ሰርግ እዚያ አልነበር? ወላሂ፣ የኛን ለብቻ አድርገው፣ የሙስሊም ብለው ጽፈውበት! ሁለቴ ነው ያነሳሁት። የልጅ ልጆቼንም ሳጎርሳቸው ነበር። እንዲህ ሰው የሚያከብር የት አለ?»

ግቢው ጠበበን ብዬ ልዋሻት አሰብኩ። ግን ነገ ሌላ ሰርግ ተጠርታ እዚያው ትበላለች። እንደምንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። አንዴ ብቻ «አስተግፊሩላህ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነስታ ከጆጉ ውሃ ቀዳችና በር ላይ ቆማ አፏን ተጉመጠመጠች። ደጋግማ ተጉመጠመጠች። ከበላች ስንት ወር አልፎታል! ተመልሳ ስትቀመጥ ዓይኔን አላየችኝም። «ለሐጂ እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ፤ ሐጂ ባሏ ናቸው። ምንም ሳታጠፋ እንደ አጥፊ አንገቷን ደፋች።

«አንቺ ምን አደረግሽ? ሳታውቂ የበላሽው አይጠየቅብሽም» አልኳት።

«እሱን አላህ ያውቃል። ልጆቹን ያጎረስኳቸው ግን በዚህ በእጄ ነው» አለች።

ሰርጉ ሰፈራችን ተደግሶ አለፈ። አዴ ነፊሳ እንደ ወጉ የራሷን ድግስ ራሷ አበሰለች፤ ሰዉ በላ፣ ጨፈረ። ቤዛም ስለ ደረጃው ሁለተኛ አላነሳችም። ከዚያ ወዲህ ግን አዴ ነፊሳ ሰው ሰርግ ላይ ሥጋ አትቀምስም። የራሷ የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ እንኳ ደረቅ ዳቦ ይዛ ተቀምጣ አየኋት።

ሆቴሉ ዛሬም ሰርግ በሰርግ ነው። ሊድር የተነሳ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ደረጃውንና በረንዳውን ተዉት፣ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን እዩ እላለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ነገረኛ ናት ብሎ ያልፈኛል።

ንስሐ አባቴ ቂም አትያዢ፣ ይቅር በዪው ይሉኛል። የበደለው እኔን ቢሆን ይቅር እለው ነበር። የበደለው አዴ ነፊሳን ነው። ይቅርታ ከፈለገ መጥቶ በሯን ያንኳኳ።