በቴሌቪዥኗ ወገብ ላይ የለጠፍኩት ካርቶን

ቡርጅ ሐሙድ በሚባል የአረብ አገር ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። እናታቸው ከከተማው ውጭ ተራራ ላይ ባለ ቤት እያደረች ትሠራለች። ትምህርት ሲዘጋ ማዳሟ አንዱን ልጅ ለአንድ ሳምንት እንድታመጣ ፈቀደችላት። አንዱን ብቻ። ለልጄ ደውዬ፣ ወይ ሁለቱንም ውሰጂ ወይ ሁለቱም ይቅሩ አልኳት።

«እማ፣ ማዳሜ አንድ ነው ያለችው፣ ኸላስ፣ በቃ» ብላ ዘጋችብኝ።

እኔ ገና ሳወጣ ሳወርድ ልጆቹ ራሳቸው ጨረሱት። በመኪና ውድድር ጌም ያሸነፈ እናቱ ዘንድ ይሄዳል ተባብለው ተጨባበጡ። እናት በጌም!

ይህ ጌም ሁለት ሰው ሲጫወተው ቴሌቪዥኑን አግድም ለሁለት ይሰነጥቀዋል። አንደኛውን ጆይስቲክ የያዘ ላይኛውን፣ ሁለተኛውን የያዘ ታችኛውን ያገኛል። የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ የማጸዳበት ቤት ሰዎች ትልቅ ሲገዙ የሰጡኝ ናት፤ ከሻይ ትሪ አትበልጥም። እሷን ለሁለት ከፍለው ጉንዳን የሚያክል መኪና ያባርራሉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አይቀረው።

ልጅቷ ታላቅ ነኝ ብላ ሁልጊዜ አንደኛውን ትይዛለች፣ ሁልጊዜም ታሸንፋለች። ያን ቀን ለልምምድ ተቀምጠው ትንሹ ወንድሟ ደጋግሞ ሲሸነፍ መኪናዬ አትታየኝም አለ።

«የተሸናፊ ዓይን መቼም እንዳመመው ነው» አለችው እህቱ።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን አስቀምጬ ጆይስቲኩን ተቀበልኩትና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወላሂ፣ የእኔም መኪና አልታየችኝም። ቴሌቪዥኗ ከታች ጫፏ ሁለት ጣት ያህል ጠቁራለች። ዜና ሳይ የሚሸፍንብኝ ከግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ ነው፤ እሱን እንደሆነ ማንበብ አልችልም፣ ግድ ብሎኝ አያውቅም። የታችኛው ተጫዋች መኪና ግን የምትሄደው እዚያው ጥቁሩ ውስጥ ነው።

ቦታ ተቀያየሩ አልኩ።

«ያኔ የማላየው እኔ ነኛ። ፍርድሽ ይሄ ነው፣ ቴታ?» አለች። እዚህ አገር ልጅ አያቱን ቴታ ይላል።

ተናደድኩ፤ ግን እውነቷን ነው። ግፍ ቢገለበጥም ያው ግፍ ነው። ሁለት ጊዜ ቦታ እየቀየሩ ቢወዳደሩም ላይኛውን የያዘ እያሸነፈ አንድ ለአንድ ይወጣሉ፤ ጭቅጭቁ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ከሙዝ ካርቶን ላይ ሁለት ጣት ስፋት ቆርጬ በላይኛው ክፋይ ግርጌ፣ በቴሌቪዥኗ ወገብ ላይ ማለት ነው፣ በፕላስተር ለጠፍኩ። አሁን ሁለቱም መኪናቸው አይታያቸውም፤ እኩል ናቸው።

ውድድሩ ተጀመረ። መሀል ላይ የሰፈሩ ጄኔሬተር ጠፋ። ሁለቱም እየመራሁ ነበር አሉ። መብራቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው አስጀመርኳቸው። መኪኖቻቸው ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተሙ፣ እኔ ሽንኩርቴ ደርቆብኝ ቆሜ፣ ልቤ ያደላው ለትንሹ ነበር። የእናቱን ጉያ ገና አልጠገበም።

ልጅቷ አሸነፈች።

ይደገም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ካርቶኑን የቆረጥኩት እኔ፣ የለጠፍኩት እኔ። ዘጋሁት።

ትንሹ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «አሁን በትክክል ተሸነፍኩ» አለ። ደግሞም ካርቶኑ እንዳይነሳ አለ፣ እህቱ እስክትመለስ ሊለማመድበት።

እህቱ ሄደች። ለልጄ ደውዬ፣ ማዳምሽ ለትንሹም ሳምንቱን ካልሰጠች ራሴ መጥቼ አነጋግራታለሁ አልኳት። «ያላ እማ፣ እጠይቃለሁ» አለች። እስካሁን እየጠየቀች ነው። እኔ ዜና የማየው አንባቢው አፉን በካርቶን ታፍኖ ነው። ከዜናው በኋላ ትንሹ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ይሰጠኛል፤ ወገቤን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ያሸንፈኛል። መኪናዬ አልታየችኝም ስለው ዞር ብሎም አያየኝም።

«እኩል ነው፣ ቴታ። አንቺ ነሽ የለጠፍሽው።»