ጣሪያ የማያግደው እንግዳ

ታላቅ እህቴ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ «ቲቸር ብልጭታ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት የሃይላይተር ቀለም ውሃ ውስጥ በጥብጣ የሐሰት ገንዘብ መለያውን ሐምራዊ መብራት ያበራችበት ቀን ነው። ውሃው እንደ ድመት ዓይን አረንጓዴ ሲያበራ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

«የማናየውን ጨረር ይውጥና የምናየውን ብርሃን ይተፋል» አለቻቸው። እኔ በደንብ ማስረዳቴን እጠራጠራለሁ፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ለማንም ይገባል።

ከዚያ ወደ ትልቁ ነገር ገቡ። ከሕዋ የመጣ ጨረር፣ ጣሪያ ሳያግደው ገብቶ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ሲመታ ብልጭ ያደርገዋል። ብልጭታው ለዓይን አይበቃም፤ ብርሃን የሚለካው መሣሪያ ግን ያውቀዋል፣ «ጠቅ» ይላል። ፕላስቲኩን ብርሃን እንዳይገባው በጥቁር ናስትሮ ጠቀለሉት። የመስኮቱን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ርዕሰ መምህሩ ግን ይህን የሚሠሩበትን ክፍል ለአሮጌ ወንበር ማከማቻ ፈልገውታል። «ሥራችሁን ልየውና እወስናለሁ» ብለው መጡ። መጋረጃውን ሰቅዬ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። መሣሪያው ሲከፈት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንጣጣ።

«ይሄ ሁሉ ከሰማይ ነው? ክፍሉማ ይገባችኋል!» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ተማሪዎቹ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሱ። እህቴ ዝም ብትል አለቀ።

«አይ ጋሼ፣ በዝቷል» አለች። «ይሄ የአምፖላችን ነው። የሆነ ቦታ ብርሃን እየገባ ነው። ማነው ናስትሮውን የነካው?»

አንዷ ተማሪ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ ቲቸር። ብልጭታውን በዓይኔ ላየው ብዬ፣ በመርፌ…»

«አየሽው?»

«ምንም።»

«የጎረቤት በር ቀዳዳ መሰላት እንዴ!» አለች ጓደኛዋ።

እህቴ ቀዳዳዋን ፈልጋ አውራ ጣቷን ጫነችባት። መሣሪያው ጸጥ አለ።

ጠቅ።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ጠቅ።

«እውነተኞቹ እነዚህ ናቸው» አለች። «በእርስዎም በኩል የሚያልፉ አሉ፣ ጋሼ።»

ርዕሰ መምህሩ ራሰ በራቸውን ዳሰሱ። «ሳያስፈቅዱኝ?»

ሳቁ እስኪበርድ መሣሪያውን ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ከዚያ ቀና አሉና፣ «እንግዲህ ወንበሮቹ በረንዳ ያድራሉ» አሉ።

ባለ መርፌዋ ልጅ ናስትሮ ቆርጣ፣ እህቴ ጣቷን እስክታነሳ ትጠብቃለች። «የማን እህት ናት?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅ ኖሮ፣ እኔ ድምፄ የማይሰማው ሰው፣ «የእኔ!» ብዬ እጮህ ነበር።