ከጎማው ሥር የተነሣው ድንጋይ

ንጋት፣ አዳማ

ይህ ጉዞ የጀመረው በጩኸት ነው። ጩኸቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ጎረቤቴ ተስፋዬ በአይሱዙው ስንዴ ሊጭን ሁሩታ ይሄዳል። እናቱ እማማ የሺ ሁሩታ ያለችው ልጃቸው ወልዳ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ፣ እኔ ደግሞ አገር ለማየት ተደርበናል። ስደርስ ተስፋዬ ግቢው ውስጥ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ ክሮቸራውን ግሪስ ያጠጣል። ክሮቸራ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ነው፤ ከደረቀ መንገድ ላይ ተሰብሮ ጉድ ይሠራል።

የፊቱን ጨረሰ። የኋላው የግሪስ ቀዳዳ ወደ ላይ ዞሮበት ነበርና የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፤ መኪናውን ትንሽ ወደ ፊት አንሸራተተና ከኋላ ጎማው ፊት ድንጋይ አስደግፎ ተመልሶ ገባ። ፍሬኑን ግን መልሶ አልያዘውም። ግቢው ደግሞ ወደ በሩ ቁልቁል ነው።

እማማ የሺ መንገደኛ በተዘጋ በር አይሸኝም ባይ ናቸው። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ የአዳማ ነፋስ ዘጋው። ከፈቱት፤ ዘጋው። ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ጥሩ ድንጋይ አገኙ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ።

"ኧረ እማዬ!" አለ ተስፋዬ ከሥር።

ጋቢና ውስጥ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት። ወርጄ ሳይ ጎማው የግሪሱን ቆርቆሮ ደፍጥጦ ተስፋዬ ጉልበት አጠገብ ቆሟል። እማማ ድንጋዩን እንዳቀፉ ደርቀው ቀርተዋል።

ጠዋት፣ ዴራ

አዋሽን ተሻገርን። ድንጋዩ እማማ እግር ሥር ተቀምጧል፤ ለምን እንደጫኑት አልጠየቅናቸውም። ግሪስ ያልጠጣው የኋላ ክሮቸራ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ቋ ይላል፤ እኔም አብሬው እደነግጣለሁ።

ዴራ ቆመን ፉል አዘዝን። እማማ አልቀመሱም። ተስፋዬ አዲስ ግሪስ ሊገዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ያውቀው ኖሮ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለው።

"አካም ቡልተ፣ ተስፍሽ! ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?"

"እናቴ ልትገድለኝ ነበር" ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ አልመጣለትም።

"እዚሁ አጠጣው እንጂ" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሥር አየና አዲሱን ግሪስ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠው። "ሁሩታ ስንደርስ። ቀስ ብለን እንሂድ።"

ረፋድ፣ ሁሩታ

ከሙቀቱ ወጥተን ስንዴው መሃል ስንገባ ነፋሱ ቀዘቀዘ። እህትየው ቤት በር ላይ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉን። ከውስጥ ሕፃን ያለቅሳል።

ተስፋዬ ሜዳ ፈልጎ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ፣ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬኑን ያዘ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከጎማው ኋላ ታኮ አስገባ። ከፊት ግን እማማ ቀደሙት፤ ድንጋያቸውን ራሳቸው አስገብተው አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"እማዬ፣ ግቢ እንጂ! አራሷ እየጠበቀችሽ ነው።"

"አንተ ከዚያ ሥር ሳትወጣ የማንንም ልጅ አላይም።"

እልልታው ጠፋ። አራሷ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ብቅ አለች፤ እማማ ቀና ብለው አላዩአትም። ዓይናቸው ከጎማው አልተነቀለም። ተስፋዬ አዲሱን ግሪስ ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ።

አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ አዲሱ ብቅ ሲል ተስፋዬ እየተንፏቀቀ ወጣ። እማማ ጉልበቱን ያዙት፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

"ሁለቱም አሉ" አሉ። እንባቸው የመጣው ያኔ ነው።

ከዚያ ግሪስ በነካው እጃቸው ላይ ውሃ አስፈስሰው፣ ሕፃኑን ተቀበሉ።