ደሴቲቱ ላይ የቀረችው የሁለቴ ጀልባ

ይህን መጀመሪያ ያጫወተኝ ጸጉር ቆራጩ ነው። ሰውዬው ሲያወራ መቀሱን ያቆማል፤ ስለዚህ ግማሽ ጭንቅላቴ ተከርክሞ ግማሹ እንደጎፈረ ነው የሰማሁት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን አንዴ ጆሮዬ የገባን ወሬ ሊቅ ቢመጣ አያስረሳኝም።

ባለጀልባው ሁለቴ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚሠራ ሰፈሩ እንዲያ አለው። በር ይቆልፋል፣ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ይጎትተዋል። ሻይ ያማስላል፣ ደግሞ ያማስላል። ሚስቱማ “እኔንም ሁለቴ ነው የጠየቀኝ፤ መጀመሪያውኑ እሺ ብዬው ነበር” ትላለች።

ሥራው ሰው ማሻገር ነው። ከተማዋን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፣ ድልድዩ ሩቅ ነው። (እኔ በጎረምሳነቴ ያንን ወንዝ ልብሴን በጥርሴ ነክሼ ነበር የምዋኘው። ያዩኝ ሞተዋል እንጂ ይመሰክሩልኝ ነበር።) መሃል ላይ ሰው የማይኖርባት ደሴት አለች፤ ትንሽዬ፣ ሸምበቆና ቁጥቋጦ ብቻ። ባለጀልባዎቹ ታዲያ በዓመት አንዴ ጀልባቸውን እዚያ ይገለብጡና ሬንጅ ይቀቧታል። ዳር ላይ ከቀቡማ የመንገዱ አቧራ እርጥቡ ላይ እየተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ያደርጋታል።

ያን ዓመት ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ቀብተው፣ ሲደርቅ ጀልባቸውን ይዘው ወጡ። ሁለቴ ግን፣ ሁለቴ ነዋ፣ “ነገ እደግማታለሁ” ብሎ እዚያው ትቷት በጓደኛው ጀልባ ተመለሰ። በማግስቱ የሬንጁን ቆርቆሮ ይዞ ሲመጣ ዳሩ ላይ ታፔላ ቆሟል። ደሴቲቱ ጥብቅ ስፍራ ሆናለች፤ ለወፎቹ ሲባል ሰው እግሩን አያሳርፍባትም። ከታፔላው ሥር ዩኒፎርም ለብሶ የቆመው ጥበቃ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ሚስቱ ታናሽ ወንድም!

“አንተ፣ ጀልባዬን ላምጣ።”

“አይቻልም ጋሼ።”

“የኔ ናት እኮ!”

“ያንተ መሆኗ ጠፍቶኝ ነው? ስንት ጊዜ ተሻግሬባታለሁ።”

“በነጻ!”

“በነጻ። ምን ላድርግህ፣ ሥራዬ ነው። ቢሮ ሂድና ፈቃድ አምጣ።”

ቢሮ ሄደ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባለ። ደግሞ ሄደ፤ መስክ ወጥተዋል። ሲሰለቻቸው አንዱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል “ከደሴቷ ምንም አይወጣም፣ ቅጠልም ቢሆን” አለው።

“ጌታዬ፣ ቅጠል አይደለችም፣ ጀልባ ናት።”

“እሷም ብትሆን።”

ከዚያ ወዲያ ሁለቴ ጓደኛው ጀልባ ላይ ተዳብሎ መቅዘፍ ጀመረ። በየምልልሱ በራሱ ጀልባ አጠገብ ያልፋል፤ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ሬንጇ ሲሰነጣጠቅ እያየ። ተሳፋሪ “ያቺ የማን ናት?” ሲለው ደሙ ይፈላል። ይባስ ብሎ ሥሯ የዱር ዳክዬ ገብታ እንቁላል ጣለች።

“እኔ የሰው ጀልባ ላይ፣ እሷ የኔ ጀልባ ሥር!” እያለ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወሰደውም።

በመጨረሻ አልቻለም። ጥበቃው ምሳውን የሚበላው እህቱ ጋ፣ እዚያው ሁለቴ ቤት ነው። “ዛሬ እንደምንም አቆይልኝ” አላት ሚስቱን። እሷ ወንድሟን “ጨምር በሞቴ፣ እንዴት ከስተሃል!” እያለች ሳህኑን ስትሞላበት፣ ሁለቴ ከጓደኛው ጀልባ ዘሎ ደሴቲቱ ላይ ወጣ። የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ብድግ ቢያደርግ ዳክዬዋ እየጮኸች ፊቱ ላይ ብር አለች! በሷ ጩኸት ደሴቲቱ ላይ ያለ ወፍ በሙሉ ሰማዩን ሞላው። እንቁላሎቹን አንሥቶ ሸምበቆ ሥር አኖራቸው። ተመልሳ ታቀፈቻቸው የሚል አለ፣ አልተመለሰችም የሚልም አለ፤ ጸጉር ቆራጩ ራሱ አያውቅም።

ጀልባዋን ገፍቶ ውሃ ላይ ሲያወርድ ቀና ቢል፣ ኃላፊው ወፍ ሊያሳዩ እንግዶች ይዘው ዳሩ ላይ ቆመዋል። የት ይግባ? እጁን ሊሰጥ ቀዝፎ መጣ።

“እሰይ!” አሉ ኃላፊው። “ይሄ አሮጌ ጀልባ ይነሳልኝ ብዬ ስንቴ ተናግሬ! ለመሆኑ ጥበቃው የት ሄዶ ነው?”

ጥበቃው አፉን እየጠረገ ደረሰ። በዚያው ቀን ዩኒፎርሙን አስረከበ።

ሁለቴ ቤት ሲገባ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው።

“ወንድሜን ሥራ አስፈታኸው!”

“ጨምር ጨምር ስትይው የነበርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?”

“አቆይልኝ ያለኝስ ማነው?”

ወንድሟ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ “ተዉ በኔ አትጣሉ። እኔ ቀዘፋ እለምዳለሁ” አለ።

ይኸው እስከ ዛሬ አልለመደም። ቀኝ ሲሉት ግራ ያዞራል፣ ውሃው ትንሽ ከተናወጠ ያቅለሸልሸዋል። ቀን ሙሉ የሚቀዝፈው ሁለቴ ነው፤ ሲመሽ ግን ገቢውን እኩል ይካፈላሉ። የሚስቱ ወንድምም አንድ ቀን እንኳ “በዛብኝ” ብሎ አያውቅም።