መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረው ፈረስ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። መጽሐፍ ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን የደነገጥኩበትም፣ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትም ጊዜ የለም። ዛሬም ሳስታውሰው ልቤ ይዘላል።

ጅማ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ የመጽሐፍ ማከራያ አለችኝ። ደንበኞቼ በብዛት ተማሪዎች ናቸው። ለልጆች ልብ ወለድ መምረጥ እወዳለሁ፤ በዚህ ችሎታዬ ማንም እንዲጠራጠረኝ አልፈልግም። ዘዴዬ አንድ ነው። መጀመሪያውን እተርክና ልብ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሳይዝ የሚወጣ ልጅ ብርቅ ነው።

ከደንበኞቼ አንዷ ፎዚያ ናት፤ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። ቤታቸው ሰርቦ ነው። ቡና ነጋዴ የሆኑት አባቷ ሐጂ ነስሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጅማ ሲመጡ ትከተላቸዋለች። ሐጂ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ፊደሉን ግን አይለዩም። ስለዚህ የምትወስደውን መጽሐፍ ሁሉ ከአስር ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ እናቷም እንድትሰማ ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰች ታነብላቸዋለች።

አንድ ጊዜ ከሌላ ሰው ተውሳ የወሰደችው መጽሐፍ መሃሉ ላይ ነውር ተገኘበት። ሐጂ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ይዘዋት መጡ።

«አንቺን አምኜ ነው» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ግን፣ ወላሂ፣ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ ቤቴ አይገባም።»

ፎዚያ አቀርቅራ ጫማዋን ታይ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ አንድ ልብ ወለድ መረጥኩላት። እህትና ወንድም የጠፋባቸውን የአባታቸውን ፈረስ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ኮቴውን ያገኛሉ፤ ወንዙ ግን ሞልቷል። እዚያ ላይ ዝም አልኩ። ዐይኗ ቦግ አለ። በካኪ የተለበደውን፣ ርዕሱ ላዩ ላይ የተጻፈበትን መጽሐፍ አንስቼ ሰጠኋት።

ማክሰኞ መደርደሪያ ሳጸዳ ያንኑ የፈረስ መጽሐፍ ራቁቱን ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

በዚያ ሰሞን ካኪ ወረቀት አልቆብኝ የአንዱን ሽፋን እያወለቅኩ ሌላውን አለብስ ነበር። ርዕሱን ሳልሰርዝ የፈረሱን ካኪ ለየትኛው እንዳለበስኩት ትዝ አለኝ። አንድ ባለትዳር ሥራ አስኪያጅ የቢሮውን ጸሐፊ ይዞ ከሆቴል ሆቴል የሚዞርበት መጽሐፍ ነው። አንዳንዱን ገጽ እኔ ራሴ ዘልዬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አልዘለልኩም።

ሱቄን ዘጋሁና የፈረሱን መጽሐፍ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የሰርቦ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ያስጨነቀኝ የሐጂ ቁጣ አልነበረም። በእኔ ዝርክርክነት ልጅቷ ማንበብ ልትከለከል ነው።

ስደርስ አስር ተሰግዷል። ሐጂ፣ ባለቤታቸውና ሁለት ጎረቤቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፎዚያ መጽሐፉን ገልጣ ታነባለች። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልተቀበሉኝም።

«ሜ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ ሐጂ፣ «ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል።»

ፎዚያ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን አላቆመችም። ልጆቹ ወንዙን በወደቀ ግንድ ተሻገሩ። ሌባው ፈረሱን እዚያው ጅማ አጠገብ ሰቃ ገበያ ሊሸጠው እንደሆነ አንዲት ቅቤ ሻጭ ነገረቻቸው። አፋን ኦሮሞ እሰማለሁና ግራ ገባኝ። እጇ ላይ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ፈረስ የሚባል ነገር የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ባለው ደግሞ ግንድም፣ ቅቤ ሻጭም፣ ሰቃም የለም።

ቀስ ብሎ ገባኝ። ልጅቷ ገና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስታይ ጉዱን ዐውቃለች። ብትናገር ንባብ መቅረቱ ነው። ስለዚህ እኔ ዝም ካልኩበት ወንዝ ዳር ተነስታ፣ ገጹን በጊዜው እየገለበጠች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከራሷ እየፈጠረች ስታነብላቸው ከርማለች። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ለዛሬ ይበቃል ስትል ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አንብበሽዋል አይደል? ፈረሱ ይገኛል?»

ፎዚያ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጠፈች። «ከእሷ ቢሰሙት ይሻላል፣ ሐጂ» አልኳቸው።

ስትሸኘኝ ከበር ውጭ መጽሐፎቹን ተለዋወጥን፤ ካኪውንም አዛወርነው። ይቅርታ ስጠይቃት እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር።

«እትዬ፣ በእውነተኛው መጽሐፍ ፈረሱ ይሞታል እንዴ?»

እንደሚሞት ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «የኔ አይሞትም» አለች። «አባባ በጣም ወዶታል።»

ቅዳሜ ሐጂ መጽሐፉን ሊመልሱ መጡ። ፈረሱ ከሰቃ እንዴት አምልጦ ቤቱ እንደገባ፣ እኔ የማላውቅ ይመስል፣ ቆመው ተረኩልኝ። በእርግጥም አላውቅም ነበር። ከዚያ መጽሐፉን እያገላበጡ «ዱጋ፣ እውነትም ይሄ ደራሲ አገራችንን ያውቃል» አሉ። «የእሱ ሌላ መጽሐፍ የለሽም?»

ፎዚያ ከኋላቸው ቆማ ጫማዋን ታያለች።

«አለ፣ ሐጂ። ገና እየተጻፈ ነው» አልኩና ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በካኪ ለብጄ ለእሷ ሰጠኋት። ሐጂ ደብተሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ገብቷቸው እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

ደብተሩ ከሁለት ወር በኋላ በፎዚያ የፈረስ ታሪክ ሞልቶ መጣ። አሁን ለልጆች መጀመሪያ የምመርጠው እሱን ነው። ወንዙ ዳር ድረስ እተርክና ዝም እላለሁ። ተራ የሚጠብቁ አምስት ልጆች አሉ፤ አንዳቸው በሩ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ያን ቀን በረንዳው ላይ እንደሆንኩት በደስታ ልጮህ ይቃጣኛል።