የጥንቅቁ የቡና ማሽን

የእህቴን ባል ሰፈሩ የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን «ጥንቅቁ» በሚል ቅጽል ነው። መነጽር ቤት ይሠራል፤ ሌላው ሰው ልብ የማይላትን ጭረት ሲፈልግ ይውላል። ቤት ሲገባም አመሉ አይለቀውም። ደጃፍ ላይ አንድ ጫማ ዘወር ብሎ ከተቀመጠ ሳያቃናው አያልፍም። እህቴ ብርጭቆ አጥባ ስታስቀምጥ ከኋላዋ መጥቶ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያያል። «እኔን ሲያገባ እንዲህ አላገላበጠኝም፤ ዕድሌ ነው» ትላለች እሷ።

ከሁሉ በላይ የሚንሰፈሰፍለት ግን ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር ላስቀመጠው የቡና ማሽኑ ነው። ካፌ ውስጥ እንደምናየው ዓይነት ሆኖ አነስ ያለ፣ ባለ አንድ እጀታ። ቡና ባፈላ ቁጥር የእንፋሎት ቧንቧውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። በየወሩ ኮምጣጤ በውሃ በርዞ ያሳልፍበታል። ጎኑን መልክ እስኪያሳይ ድረስ ያሸዋል። እንግዳ ከመጣ ማሽኑን ሳያስጎበኝ ወንበር አያቀርብም፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ።

ቡናው የሚመጣልን ከአንዲት ጡረተኛ ሴት ዘንድ ነበር። የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ትንሽ የምትሽከረከር መቁያ ገዙና ጓሮ ባለችው ክፍላቸው እየቆሉ በየቤቱ መላክ ጀመሩ። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ቅዳሜ ጠዋት የአድራሹ ሞተር ብስክሌት ሲሰማ ጥንቅቁ በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየዘለለ ይወርዳል። ከረጢቱን ቤት እስኪያደርስ ትዕግሥት የለውም፤ እዚያው ደረጃ ላይ ቀድዶ አፍንጫውን ይከትበታል። እህቴ ከላይ ሆና «ሙሽራዋን ቤት አስገባት እንጂ፣ ጎረቤት እያየ» ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር ሰውየው እንደዚያች ሰዓት የሚወደድበት ጊዜ የለም።

አንድ ደረጃ የምንጋራ ጎረቤቶች በሙሉ የምናዘው አብረን ስለነበር ቅዳሜ ከረጢት ከረጢታችንን ይዘን እሱ ወጥ ቤት እንሰበሰባለን። የመጀመሪያውን ስኒ አፍልቶ፣ ቀምሶ የሚፈርደው እሱ ነው። «ይኼ ገና መቆላቱ ነው፤ እስከ ማክሰኞ ይረፍ፣ አትንኩት» ይለናል፤ እኛም አንነካውም። የቀረነው ሰዎች ምላስ የተሰጠን ለወሬ ብቻ ይመስል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ደግሞ ቀመሰ። «ቀርንቷል» አለ። ስኒው ዞረ፤ እውነትም የከረመ ዘይት የሚመስል ነገር ምላስ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ቅዳሜም ያው ሆነ። ሹፌሩ ጎረቤታችን ብቻ «እኔ ቤቴ በማንቆርቆሪያ ሳፈላው ደህና ነበር» ብሎ አጉተመተመ። በማንቆርቆሪያ ብሎ ነገር! ሳቅንበት፤ እሱም ዳግመኛ አልተነፈሰም።

ጥንቅቁ ስልኩን አውጥቶ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ቡናው ሰሞኑን ልክ አይደለም፤ ቅርናት አለው።»

«እኔ እኮ ሳልቀምስ አልልክም ልጄ። ይኼንንም ቀምሼዋለሁ።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ግን ሰው ከቦት ቆሟል፣ አዋቂ ተብሏል። «እንግዲህ አይቀየሙኝና» አለ፤ «ምላስዎ አርጅቶ ይሆናል።»

ከዚያ እትዬ «ይሆናላ» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ካልክ ይሆናል፤ አንተ ታውቃለህ።»

ከዚያ ወዲያ ከአንድ ፋብሪካ ማስመጣት ጀመርን። ብዙም ሳይቆይ ጥንቅቁ እሱንም «ቀርንቷል» አለው። «ዘመኑ ነው፤ ዛሬ ምን ደህና ነገር አለ» ብሎ በዘመኑ አሳበበ። ዘመን እንደሆነ አፍ አውጥቶ አይከራከር።

ከዚህ በኋላ ካለው ብዙውን የሰማሁት ቆይቶ ከእህቴ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ቡናው በሚሞላበት እጀታ ዙሪያ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ጎማው አልቆ ኖሯል። አዲስ ጎማ ገዛ። እሱን ለመቀየር ግን ውሃው ወደ ቡናው የሚወርድባትን ክብ ወንፊት መፍታት ግድ ሆነ። መሃሏ ላይ አንዲት ብሎን አለች። ማሽኑን ከገዛ ጀምሮ ያቺን ብሎን ካቻቢቴ ነክቷት አያውቅም። ከሥር ሲያያት ሁልጊዜ ታበራለች፤ በጨርቅ ይወለውላታላ።

ፈታት። ከጀርባዋ የዓመታት የቡና ቅባት እንደ ሬንጅ ተጋግሯል። አፍንጫውን ሲያስጠጋ ያው ሽታ ነው፤ እትዬ ላይ የፈረደበት ሽታ። ኮምጣጤ ከውሃው የሚቀረውን ጨው እንጂ የቡናውን ቅባት አያወጣም፤ ይህ ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ግን መመሪያ የሚያነበው የማያውቅ ሰው ነው።

እህቴ ከሥራ ስትገባ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወንፊቷን ሰጣት። አሸተተችና «እንዴ፣ ታዲያ እትዬ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ተይ፣ አትጨርሺው» አላት። ፊቱ ደም መስሎ ነበር።

ያን ሁሉ በሳሙና ዘፍዝፎ ፋቀና መልሶ ገጠመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የፋብሪካው ቡና ጣፍጦ ጉድ አሰኘ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስኒ ደገመ። «አያችሁ፣ ሴትየዋን መተዋችን በጀን» ያለችው የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ ናት። ጥንቅቁ ጀርባውን ሰጥቶን ስኒ ያጥብ ነበር። መናገር የነበረበት ያኔ ነው፤ አልተናገረም። እፍረቱ አፉን ዘጋው፤ አፉ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ እፍረቱ ባሰ። መነጽር ቤቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ሲገቡ ሥራውን ለባልደረባው ትቶ ወደ ጓዳ ይገባ ጀመር። ማታ እህቴን «እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንዴ?» ይላታል። ቡናው ግን ጣፈጠው።

ኋላ አንድ ዘዴ መጣለት። «ዝም ብዬ ከእትዬ ልዘዝ፤ ነገሩ በዚያው ይረሳል» አለ። ደወለ።

«ቡናውን ትቼዋለሁ ልጄ» አሉት። «ምላሴን ማመን አቃተኝ። አንተው ነግረኸኝ የለ?»

ስልኩን ዘጋ፤ ምሳውንም ሳይነካ ቀረ። እህቴ ጫማዋን አጥልቃ መጣች። «ተነስ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ መንገድ ላይ እንዳትጠፋብኝ።»

እትዬ በደስታ ተቀበሏቸው። መቁያዋ አንሶላ ለብሳ ጥግ ቆማለች፤ ላይዋ ላይ የአበባ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። ምራታቸው ውሃ አቅርባ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

«ምግቡንም ለእሷ ትቼዋለሁ» አሉ እትዬ። «ጨው ልጨምር ስል እጄን እመልሰው ጀመር። በዛ እንዳልል፣ አነሰ እንዳልል፣ በምን ልወቅ? ልጄ ሐኪም ዘንድ ወስዶኝ ነበር፤ ሐኪሙም ምንም የለብዎትም አለኝ። እሱ ደግሞ ቡና ቀማሽ አይደለ፣ ምን ያውቃል ብዬ ተውኩት።»

ጥንቅቁ ብድግ አለ። ተቀምጦ የሚነገር አልሆነለትም። «እትዬ፣ ምላስዎ ደህና ነው» አለ። «የቀረናው የእኔ ማሽን ነው። ውስጡን አንድ ቀን ፈትቼ አጥቤው አላውቅም። ቡናዎ ምንም አልነበረበትም።»

እትዬ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሩና «አንቺ ልጅ፣ ሾርባሽ ጨው ይበዛበታል» አሉ። «ስንት ጊዜ ነው ሲበዛበት የከረመው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ እማማ?» አለች ምራቲቱ ከውስጥ።

እትዬ ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው መጣ። የጥንቅቁን እጅ ይዘው መልሰው አስቀመጡት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ተባረክ» አሉት። «ሌላ ሰው ቢሆን ደብቆ ይቀር ነበር። አንተ ግን እንዳወቅህ ሮጠህ መጣህ።»

እህቴ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። «አዎ» ቢል የሚያጋልጠው የለም፤ እሷም አትናገርበትም።

«ሮጬ አልመጣሁም» አለ። «ካወቅሁ ወር ሊሞላኝ ነው።»

እትዬ እጃቸውን ከእጁ ላይ አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አልተቆጡም። ነገሩ እንዳልገባው ሰው ነው ያዩት።

«ወር ሙሉ?» አሉ። «ወር ሙሉ ምን ስትጠጣ ከረምክ?»

«ጥሩ ቡና» አለ።