አማካዩ የደበቀው መዘግየት

ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ውስጥ በአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት እሠራ ነበር። የምንሠራው የሕሙማንን የልብ ምት የሚከታተል ፕሮግራም ነው። ምቱ ሲዛባ ነርሶቹ ጋ ያለው ደወል በአንድ ሰከንድ ውስጥ መጮኽ አለበት። የድሮው ፕሮግራም ሕሙማኑን በየተራ ነበር የሚያየው። እኔ ሥራውን ለኮምፒውተሩ አራት ፕሮሰሰሮች አከፋፍዬ ጎን ለጎን እንዲሠሩት አደረግኩ።

ስለካው አማካይ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ደስ ብሎኝ አጠገቤ ለሚቀመጡት ባልደረባዬ ነገርኳቸው። በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ታክሲ እየነዱ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው የእኛን ፕሮግራም መፈተሽ ነበር። እኔ እዚህ በሰው አገር ባድግም እሳቸውን አንተ ማለት አልችልም፤ ጋሼ ነበር የምላቸው።

"አማካዩን ተወው" አሉኝ። "በጣም የዘገየው ስንት ነው?"

"እሱማ አልፎ አልፎ ነው፣ ጋሼ።"

"ደወሉም እኮ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው።"

ሁሉም አልጋዎች የተያዙ አስመስለው ሳምንት ሙሉ ፈተሹት። አንዳንዴ አራቱ ፕሮሰሰሮች አንዱ የሌላውን ውጤት ሲጠብቅ ተያይዘው ይቆማሉ፤ ያኔ ደወሉ እስከ ግማሽ ደቂቃ ድረስ ይዘገያል። ቀርፋፋው የድሮ ፕሮግራም ግን አንዴም ከሰከንዱ አላለፈም። ውጤቱን አትመው ሰጡኝ።

"ሪፖርቱ ላይ አስገባው።"

"እሺ" አልኳቸው። አላስገባሁትም። አለቃዬ ፕሮግራሙን ለደንበኞች የምናሳይበትን ቀን ቆርጦ ነበር። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ በስብሰባው ላይ አማካዩን ብቻ አቀረብኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ጋሼ ከስብሰባው ተነሥተው ወጡ።

ፕሮግራሙ ለሙከራ በገባበት ሆስፒታል በሁለተኛው ወር አንዲት አሮጊት ሞቱ። ልባቸው ከቆመ በኋላ ደወሉ የጮኸው ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነበር። ማሽኑ የመዘገበውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሐኪሞቹ ቶሎ ቢደረስላቸውም ላይተርፉ ይችሉ ነበር አሉ። አለቃዬ ይህችን ቃል ያዛት።

የጋሼን ወረቀት ይዤ ቢሮው ገባሁ። "ይህን ቀድሜ አውቅ ነበር" አልኩት። በማግስቱ ፕሮግራሙ ከሆስፒታሉ ወጣ፤ እኔም በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረርኩ። አልተከራከርኩም።

ከወራት በኋላ ጋሼን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"ለሟቿ ልጆች የደወሉ መዘግየት ተነገራቸው?" ብቻ አሉኝ።

"ጉዳዩን የድርጅቱ ጠበቆች ስለያዙት አላውቅም፣ ጋሼ። ለልጆቹ ደብዳቤ ጽፌ በጠበቆቹ በኩል ልኬ ነበር። መልስ አልመጣም።"

"ደርሷቸው እንደሆነስ ጠየቅህ?"

አልጠየቅኩም ነበር። ፊታቸውን አዙረው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ለጠበቆቹ ደወልኩ፤ ስለ ጉዳዩ መናገር አንችልም ብለው ስልኩን ዘጉት።